የኩላንት ፍሳሽ ለማግኘት የትኛው ምርመራ ይሻላል? የግፊት ፓምፕ፣ የጋዝ ምርመራ፣ የሚያበራ ቀለም ወይስ ቫኪዩም

መኪናችሁ ውሃ፣ ማለትም ኩላንት የሚባለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ እየጠጣ ነው። ሰኞ ጠዋት ሞልታችሁት ዓርብ ስታዩት ከታችኛው መስመር ወርዷል። መሬቱ ግን ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም።

እኔ ይህ ሲገጥመኝ ያደረግኩት ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። «ራዲያተሩ ነው» አልኩና ቀየርኩት። ውሃው መቀነሱን አላቆመም። «እንግዲያው የውሃ ፓምፑ ነው» ተባልኩ። እሱም ተቀየረ። አሁንም ያው። በስተመጨረሻ ሌላ መካኒክ ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ ይዞ መጣና የራዲያተሩን ክዳን አውጥቶ በቦታው ገጠመው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። አሥር ጊዜ ያህል ገፋው። ከዚያ ባትሪ አብርቶ ዝም ብሎ መፈለግ ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጠራኝ።

ከሞተሩ ጀርባ ወደ ሂተሩ የምትሄድ አጭር የጎማ ቱቦ አለች። ማሰሪያዋ ሥር አንዲት ጠብታ ቀስ እያለች ታብጣለች፣ ትረዝማለች፣ ከዚያ ሞተሩ ላይ ጠብ ትላለች። ሞተሩ ሲሞቅ ያቺ ጠብታ እዚያው ተንና ትቀራለች። መሬት የምትደርስበት ዕድል አልነበራትም። መፍትሔው አንድ አዲስ ማሰሪያ ሆነ።

ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን በግፊት አስፈትሹት። ይሁን እንጂ የግፊት ፓምፕ የማያገኘው ፍሳሽም አለ። ሌሎቹ መንገዶች የሚያስፈልጉት ያኔ ነው።

ፍሳሹ ለምን ይደበቃል?

የሞተር ማቀዝቀዣ ዝግ ሥርዓት ነው። ኩላንቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ በውስጡም ግፊት ይፈጠራል። ክዳኑ ላይ ያለው ስፕሪንግ ይህን ግፊት እስከተወሰነ ልክ ድረስ አፍኖ ይይዘዋል። በብዙ መኪኖች ልኩ ከ0.9 እስከ 1.2 ባር ነው። በሌላ መለኪያ ከ13 እስከ 18 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። ከዚህ የሚበልጥም አለ።

ግፊቱ የሚፈለገው ኩላንቱ ቶሎ እንዳይፈላ ነው። ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቲፍሪዝ የሆነ ድብልቅ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ክዳን ሳይኖረው በ106 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። አንድ ባር ያህል ግፊት ሲጨመርበት ግን ወደ 130 ዲግሪ ይጠጋል። ክዳኑ ወይም ቱቦው ግፊት መያዝ ሲያቅተው መኪናው ሂት የሚያደርገው ለዚህ ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ግፊት የለም፣ ቀዳዳውም ብዙውን ጊዜ አያፈስም። ሲሞቅ ደግሞ ግፊት አለ፣ ግን እጅ አይገባም፣ ፋኑ ይዞራል፣ ጠብታውም ይተናል። የግፊት ፓምፕ የትኩሱን ሞተር ግፊት በቀዝቃዛው ሞተር ላይ ያመጣላችኋል። ሌላ ምትሃት የለውም።

መጀመሪያ ዓይን

ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ዝለሉት የሚል ሰው አትስሙ። ኩላንት ሲደርቅ የኖራ ዱካ የመሰለ ነጭ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋል። ራዲያተሩ ላይ ፕላስቲኩና አሉሚኒየሙ የሚገናኙበትን መስመር እዩ። የየቱቦውን ጫፍ ዳስሱ። የውሃ ፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ከእሷ የወረደ ደረቅ ዱካ ካያችሁ የፓምፑ ማሸጊያ (ሲል የሚባለው) እየሄደ ነው። ከፊት ወንበሮች ሥር ያለውን ምንጣፍም በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት።

ማታ ሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት የተገኘው እርጥበት ሽታ የሌለው፣ ጥርት ያለና በጣት መካከል የማያሙለጨልጭ ከሆነ ከኤሲው የወረደ ውሃ ሊሆን ይችላል። ይህ ጤነኛ ነው። ኩላንት ግን ያሙለጨልጫል፣ ሽታውም ጣፋጭ ነው። በምላስ ግን እንዳትሞክሩት፣ መርዝ ነው።

የግፊት ፓምፕ

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ቶሎ መልስ ይሰጣል፣ ቦታውን በዓይን ያሳያል፣ ኩላንቱ ውስጥ ምንም ነገር አይጨምርም። አጠቃቀሙም ቀላል ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ። ትኩስ ራዲያተር ሲከፈት ግፊቱ በአንዴ ስለሚለቀቅ ኩላንቱ ፈልቶ ይፈናጠራል፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ አድርጉት። ቀዝቃዛና ለስላሳ ካልሆነ ክዳኑን አትንኩ።

ቀጥሎ ኩላንቱን ሙሉት። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው። ውስጡ ብዙ አየር ካለ ቀዳዳው ከፈሳሹ በላይ ሊውል ይችላል። ያኔ የሚወጣው አየር ነው፤ አየር ደግሞ በዓይን አይታይም። የሂተሩን ማስተካከያ ወደ ሙቅ አዙሩት። አንዳንድ መኪና ላይ ካልዞረ የሂተሩ ራዲያተር ከምርመራው ውጭ ይቀራል።

አሁን ፓምፑን ገጥማችሁ ግፉ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ላይ ስትደርሱ አቁሙ። 1.1 የሚል ከሆነ 1.1 ነው። «ትንሽ ልጨምርበትና በደንብ ይውጣ» ማለት አያዋጣም። አርጅቶ የነበረ ግን ያላፈሰሰ የፕላስቲክ ጫፍ በእናንተ እጅ ይሰነጠቃል።

የጌጁ ቀስት መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትወርድ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ጎማ ቱቦዎቹ እየተለጠጡ ነው። መልሳችሁ ሙሉትና ከዚያ ሰዓት ያዙ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጥሩ ነው። በወር አንዴ ብቻ ውሃ ለሚያስጨምር መኪና ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ጠብቁ። በዚህ መሃል ባትሪና ነጭ ሶፍት ይዛችሁ እየዞራችሁ ፈልጉ። ዓይን የማይደርስበት ቦታ ሶፍቱን አስገብታችሁ ጥረጉበት። እርጥብ ሆኖ ከወጣ ቦታው እዚያ አካባቢ ነው።

ቀስቷ ወርዳ ጠብታ ከታየ ጉዳዩ አለቀ። ከባዱ ቀስቷ እየወረደች ምንም የማይታይበት ጊዜ ነው። ያኔ መጀመሪያ ፓምፑን ራሱን ጠርጥሩት። የሚገጠምበት ጎማ ደርቆ ከሆነ አየር የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ትንሽ የሳሙና አረፋ አድርጋችሁ እዩት። ፓምፑ ደህና ከሆነ ምንጣፉን እንደገና ጫኑ። የሂተሩ ራዲያተር ዳሽቦርዱ ውስጥ ስለሆነ የሚያፈሰው ወደ ውስጥ ነው። መስታወት በቅባታማ ጭጋግ መሸፈኑና መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ መኖሩ የእሱ ምልክት ነው።

ምንጣፉም ደረቅ ከሆነ ፍሳሹ ሞተሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥሩ መካኒክ ግፊቱን ለሰዓታት ይተወዋል። ከዚያ ካንዴላዎቹን ሁሉ ይፈታል። የቤንዚንና የእሳቱን መስመር ያቋርጣል። ሞተሪኖውን ለአፍታ ሲያዞረው ኩላንት ከገባበት ሲሊንደር ቀዳዳ እንፋሎት የመሰለ ርጭት ፊው ብሎ ይወጣል። ፊትን ከቀዳዳዎቹ በላይ ማድረግ አይገባም። ካንዴላ ሳይፈቱ ማዞር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲጋጭበት የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል።

ክዳኑስ?

ደህና የፓምፕ ኪት ክዳኑንም የሚፈትሽ መገጣጠሚያ ይዞ ይመጣል። ይህን ሳታደርጉ ፓምፑን አትመልሱ። ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ቀድሞ ይከፈታል፣ ኩላንቱን ወደ ማጠራቀሚያው ወይም ወደ ውጭ ይለቀዋል፤ ሰው ግን ሞተሩን ሲያስፈታ ይውላል። ከሥርዓቱ ርካሽ ክፍሎች አንዱ ይኸው ክዳን ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ቱቦ እንደተመጠጠ ጠፍጥፎ ካገኛችሁትም ክዳኑን ጠርጥሩ። አየር ወይም ኩላንት መልሳ የምታስገባው ትንሿ ቫልቭ ተጣብቃ ይሆናል።

የጋዝ ምርመራ

ይህኛው የሚያገለግለው ለአንድ ጥያቄ ነው። የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ አካልና ቴስታታ በሚባለው የላይኛው ክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቷል ወይስ አልተበላም? የተሰነጠቀ ቴስታታም በዚሁ ይያዛል።

መሣሪያው ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ነገር ነው። ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ኩላንቱ ትንሽ እንዲጎድል ይደረጋል። ጠርሙሱ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተቀምጦ ሞተሩ ተነሥቶ ይሞቃል። ከዚያ ከኩላንቱ በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ ይሳባል። ከሲሊንደር የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ኩላንቱ የሚጎድለው ወደ ጠርሙሱ እንዳይገባ ነው፤ ከገባ ፈሳሹ ይበላሻል፣ መልሱም አይታመንም። ፈሳሹ አሮጌ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ትንፋሻችሁ እንዲያልፍበት አድርጉ። ትንፋሽ ውስጥ ያው ጋዝ ስላለ ቀለሙ መለወጥ አለበት። ንጹሕ አየር ሲያልፍበት ደግሞ ወደ ሰማያዊው ይመለሳል። ናፍጣ ሞተር ላይ ለውጡ ደከም ይላል። ናፍጣ በሚኒሞ ሲሠራ ብዙ ትርፍ አየር ስለሚያስወጣ ጋዙ ይቀጥናል።

«የግፊት ፓምፑ ደህና ነው ካለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ የግፊቱ መጠን ላይ ነው። ፓምፑ የሚሰጠው አንድ ባር ገደማ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግን በአሥሮች የሚቆጠር ባር ነው። ትንሽ የተበላ ጋስኬት ለአንድ ባር ሊዘጋ ይችላል፤ ለዚያኛው ግን ይከፈታል። ስለዚህ ቱቦዎቹ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆኑ፣ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጢሱ ነጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ በቀጥታ ወደዚህ ምርመራ ሂዱ።

የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር አይታችሁ ብቻ ግን ቴስታታ አታስፈቱ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ ያ የአየር እርጥበት ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይም ካለ ያኔ ነገሩ ከባድ ነው።

የግፊት ፓምፑም እዚህ ላይ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ግጠሙት፣ ሳትገፉት ሞተሩን አስነሡ። ኩላንቱ ገና ሳይሞቅ ቀስቷ ሽቅብ ከወጣች የሚገፋው ሙቀት አይደለም፣ ጋዝ ነው። ወዲያው አጥፉና በማስተንፈሻው ቫልቭ አስተንፍሱ።

የሚያበራ ቀለም

ቀለሙ ከኩላንቱ ጋር ይደባለቃል። መኪናው እንደወትሮው ለጥቂት ቀናት ይነዳል። ከዚያ ጨለማ ቦታ ላይ በአልትራቫዮሌት መብራትና በቢጫ መነጽር ሲታይ ያፈሰሰው ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

ይህ መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የግፊት ፓምፑ ያልቻለውን ግን ይችላል። አንዳንድ ስንጥቅ የሚከፈተው ብረቱና ፕላስቲኩ በሙቀት ሲሰፉ ብቻ ነው። አንዳንዱ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ሲጨነቅ ብቻ ያፈሳል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ግማሽ ሰዓት ብትጠብቁት አይታይም። ቀለሙ ግን አብሯችሁ ይነዳል፣ ፍሳሹ በተከሰተበት ቅጽበት ዱካ ይተዋል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ስትጨምሩት ካንጠባጠባችሁ ወዲያው እጠቡት፤ አለበለዚያ ነገ የምታሳድዱት የራሳችሁን እጅ ነው። ለኩላንት የተሠራውን ደግሞ ለይታችሁ ግዙ፣ ለሞተር ዘይትና ለኤሲ የሚሆኑት ሌላ ናቸው።

ቫኪዩም

ይህ መሣሪያ በአየር መጭመቂያ ተነድቶ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አየሩን ይመጥጣል። ቀስቷ ወርዳ ከቆየች ሥርዓቱ ይዟል ማለት ነው። ከዚያ በዚያው ባዶነት ኩላንቱን ይስባል፣ የአየር ኪስም አይቀርም። ከጥገና በኋላ ለመሙላት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ፍሳሽ ለመፈለግ ግን አልመርጠውም። ፍሳሽ እንዳለ ይነግራችኋል እንጂ የት እንደሆነ አያሳይም፤ የሚወጣ ጠብታ የለማ። ኃይሉም የተገላቢጦሽ ነው። ግፊት ቱቦውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቫኪዩም ወደ ውስጥ ይስበዋል። ወደ ውጭ ሲገፋ የሚከፈት ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሊዘጋ ይችላል።

የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ውሃ እየቀነሰ ሌላ ምልክት ከሌለ ፓምፑን ከክዳኑ ምርመራ ጋር አስደርጉ። ጠዋት ብቻ የሚያንጠባጥብ መኪና ካላችሁም ፓምፑ ይሻላል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ባደረበት፣ ሳይነሣ አስፈትሹት። ብርድ ጎማና ማሰሪያን ያኮማትራል፣ ሞቅ ሲል መልሶ ይገጥማል። ፓምፑ ንጹሕ ብሎ ውሃው አሁንም ከቀነሰና የሞተር ምልክት ካለ የጋዝ ምርመራ፣ ምልክት ከሌለ ቀለም። ቫኪዩሙን ለሙሌት ቀን አቆዩት።

በኮምፕረሰር ቀጥታ አየር መስጠትን ከምርጫ አልቆጥረውም። የጎማ መሙያ ቱቦ በጨርቅ ጠቅልሎ አፉ ላይ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ። ኮምፕረሰር ውስጥ ያለው ግፊት ራዲያተሩ ከሚችለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ጊዜ የቱቦው አየር መልቀቂያ ከተጫነ የሂተሩን ራዲያተር እስከ መቅደድ ይደርሳል።

ፍሳሽ ደፋኝ ዱቄትና ፈሳሽንም እንደዚሁ። ቀዳዳ ከመድፈኑ በፊት የሂተሩን ጠባብ ቱቦዎች ሲደፍን ይገኛል። ረጅም መንገድ ላይ ጭንቅ ውስጥ የገባ ሰው ቢጠቀመው አልፈርድበትም። መኪናው ቤቱ ቆሞለት ያለ ሰው ግን የሚያፈሰውን ቦታ ይፈልግ።

ፓምፑን ለመግዛት ካሰባችሁ

ከዋጋው በፊት መገጣጠሚያዎቹን እዩ። ብዙ መኪኖች አሁን ክዳናቸው ያለው በጥርስ የሚዞር የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ላይ ነው፤ የጥርሱ ስፋት ደግሞ ከመኪና መኪና ይለያያል። የእናንተን የሚገጥም ከሌለው ሃያ ዕቃ ያለው ሳጥን አይጠቅማችሁም። ሁሉንም ይገጥማል የሚባለው የሚያብጥ ጎማ ይሠራል፣ ግን ሊንሸራተት ስለሚችል በዓይናችሁ ጠብቁት። የጌጁ መጨረሻ 2 ባር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። እስከ 6 ባር የሚያነብ ጌጅ ላይ ትንሽ መውረድ አይለይም። ማስተንፈሻ ቫልቭ የሌለውን አትግዙ።

በዓመት አንዴ የሚያስፈልገው ሰው መግዛት አይጠበቅበትም፣ ጋራዥ ያስፈትሽ። ብቻ «ፈትሸነዋል» በሚል ቃል አትመለሱ። ስንት ባር እንደሰጡት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ቀስቷ የት እንደቆመች ጠይቁ። በደንብ የፈተሸ መካኒክ ሦስቱንም ሳያስብ ይነግራችኋል። ሲበጅም ሁሉ ነገር ተገጥሞ ከመዘጋቱ በፊት ያው ግፊት እንደገና ይሰጠው። መሬት የፈሰሰው ኩላንት በውሃ ታጥቦ ይነሣ፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንና እንስሳ ይልሱታል፣ ይገድላቸዋልም።

የእኔ መኪና ማሰሪያዋ ከተቀየረ በኋላ እንደገና 1.1 ባር ተሰጣት። ሃያ ደቂቃ አጠገቧ ቆሜ ጌጁን አየሁ። ቀስቷ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም።